ሥራ ሲደራረብ፦ አንጎል፣ ሙቀትና የጋምቤላ ጤና ጣቢያ

የታመመ ሕፃን እስትንፋስ ለመቁጠር አንድ ሙሉ ደቂቃ ያስፈልጋል። እናት ልጇን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ልብሱ ከደረቱ ከፍ ይደረጋል፤ ባለሙያዋ ዓይኗን ሳትነቅል ደረቱ በተነሳ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ የሚያስል ልጅ ላይ ይህ ሲታይ ሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። ቁጥሩ 37 ላይ ሲደርስ አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ «ሲስተር፣ የትናንቱ መዝገብ የት ነው የተቀመጠው?» ቢልስ? መልሱ ሁለት ቃል ነው፤ «ሳጥኑ ላይ»። 37ቱ ግን ጠፍቷል። ወይ እንደገና ከአንድ ይጀመራል፣ ወይ ደጅ ያለው ሰልፍ ታስቦ ቁጥሩ በግምት ይሞላል።

እንዲህ ያለ ስህተት ሲደርስ የተለመደው ፍርድ «ቸልተኛ ናት»፣ «ልቧ ሥራዋ ላይ የለም» የሚል ነው። ላለፉት በርካታ አሥርት ዓመታት የተካሄደው የአንጎል ጥናት የሚነግረን ሌላ ነው። የሰው አንጎል በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው በጣም ጥቂት ነው፤ ሙቀት፣ ድካምና ጭንቀት ደግሞ ያችኑ ጥቂት ይቀንሷታል። ስለዚህ ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የሠራተኛው ጠባይ ሳይሆን ሥራው የተደራጀበት መንገድ ነው። ይህን ለማየት ጋምቤላን የመረጥኩት አንጎልን የሚያጣብቡት ነገሮች በሙሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ስለሚገናኙበት ነው።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝቡ በፓጋክና በሌሎች መግቢያዎች ወደ ጋምቤላ ክልል ጎረፈ። ቀድሞ ከነበሩት እንደ ፉኝዶ ካሉ መጠለያዎች ሌላ በዚያው ዓመት ተርኪዲና ኩሌ፣ በ2007 ዓ.ም ደግሞ ጀዊ ተከፈቱ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307,096 ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክልሉ ያስጠለላቸው ስደተኞች ብቻ ከ300,000 በለጡ። ኩፍኝም መጣ፤ በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው የጉበት በሽታ ሄፓታይተስ ኢ መጣ። ነርሱ፣ መዝጋቢው፣ የውሃ ቴክኒሻኑ፣ መምህሩ፣ የወረዳ ባለሙያው ግን በአንድ ቀን እጥፍ አልሆኑም። የሥራው መጠን ሲያድግ የእያንዳንዳቸው አንጎል እንደነበረ ነው የቀጠለው።

ያ አንጎል ምን ያህል ይይዛል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው ወደ ሰባት የሚጠጋ ነገር ነው አለ። ኔልሰን ካወን እ.ኤ.አ. በ2001 ማስረጃዎቹን እንደገና መርምሮ ቁጥሩን ወደ አራት አወረደው። ይህ «የሥራ ትውስታ» ይባላል፤ አሁን የምናስበውን እስክንጨርስ ድረስ የምንይዝበት ቦታ ነው። የልጅነት ትዝታችንና የሙያ ዕውቀታችን የሚቀመጥበት ሰፊው ማኅደር ሌላ ነው። የቤቱ ቁምሳጥን መቶ ሲኒ ሊይዝ ይችላል፤ ቡና ሲቀርብ ረከቦቱ ላይ የሚደረደሩት ግን ጥቂት ናቸው። የቆጠራው 37፣ የሕፃኑ ዕድሜ፣ እናቲቱ የነገረችው የትኩሳት ቀን፣ የመድኃኒቱ መጠን፤ በዚሁ አራቱም ቦታ ተይዟል። ስለ መዝገቡ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ አንዱ መውደቁ ግድ ነው።

ሁለት የሚያሳስቡ ሥራዎችን እኩል መሥራት እችላለሁ የሚል ሰው አንጎሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ መሆኑ አይታወቀውም። እያንዳንዱ ዝላይ ጊዜ ይወስዳል። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ሳይጨርሱት የተዉት ሥራ ሐሳብ ወደሚቀጥለው ሥራ አብሮ ይመጣና ትኩረቱን ይሻማል። ይህ በሕሙማን ላይ ምን እንደሚያደርስ የለካው ጥናት ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ነው የተሠራው። የጆሃና ዌስትብሩክ ቡድን በሲድኒ ሆስፒታሎች 98 ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ውጤት፣ ነርሷ በተቋረጠች ቁጥር በአሰጣጥ ሥርዓቱ ላይም ሆነ በራሱ በመድኃኒቱ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ከ12 በመቶ በላይ እንደሚጨምር ነው። አንዴ ስትቋረጥ ይህን ያህል፤ ደግማ ስትቋረጥ ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል።

መፍትሔው አራቱን ቦታ አምስት ማድረግ አይደለም፤ አይቻልምም። በገበያ ላይ «የማስታወስ ችሎታን የሚያሳድጉ» እየተባሉ የሚሸጡት የስልክ ጨዋታዎች ሰውን በዋነኛነት የሚያሻሽሉት በዚያው በጨዋታው ላይ ነው። የሚቻለው ሸክሙን ከአንጎል አውርዶ ሌላ ነገር ላይ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የምወደው ጋምቤላ ባሉ መጠለያዎችና ጤና ኬላዎች በየቀኑ የሚሠራበት፣ ባለሙያዎቹ «ሙዋክ» የሚሉት የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ነው።

አንድ ልጅ በምግብ እጥረት መጎዳቱን ለማወቅ አንዱ መንገድ ክብደቱን መመዘን፣ ቁመቱን መለካት፣ ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ሠንጠረዥ ላይ መፈለግ ነው። ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ ሰሌዳ፣ ሠንጠረዥ፤ ሁለት ቁጥርም በአእምሮ። በጥብጣቡ ግን ባለሙያው የልጁን የግራ ክንድ ይይዛል፤ ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን መሀል ይፈልጋል፤ ክንዱ ዘና ብሎ እንደተንጠለጠለ ጥብጣቡን ያዞርና በቀዳዳው ያሾልከዋል፤ ሳያጠብቅም ሳያላላም ያነባል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከ11.5 ጀምሮ ከ12.5 በታች ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ የወጣለት ልጅ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይሄዳል፤ እንደ ሁኔታው ፕላምፒነት የተባለው ሕክምናዊ ምግብ ይጀመርለታል ወይም ተኝቶ ይታከማል። ጥብጣቡን የሠሩት ሰዎች ውሳኔውን ቀድመው ስለወሰኑ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ቀዩ ቀይ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ቤቷ ሆና ልትለካበት ትችላለች። ትልቅ የአንጎል ሳይንስ በአንድ ርካሽ ጥብጣብ ላይ ታትሟል ማለት ነው።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ይህንኑ ጥበብ ይዟል። ብዙ የጤና ፓኬጆችን ይዛ ቤት ለቤት የምትዞር ባለሙያ ሁሉንም በቃሏ እንድትይዝ አልተጠበቀባትም፤ ምልክቱን ከሕክምናው ጋር የሚያገናኝ ባለቀለም ቻርት አላት። ቻርቱን ገልጣ የምታነብ ባለሙያ ሕዝብ ዘንድ «አታውቅም» ልትባል ትችላለች። ተቃራኒው ነው እውነቱ፤ በቃሌ እወጣዋለሁ ከሚለው የበለጠ የምታመነው ገልጣ የምታየዋ ናት።

ጋምቤላ ላይ ግን ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ ሥራው የሚሠራው በስንት ቋንቋ ነው የሚለው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ነባር ብሔረሰቦቹ አኝዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የሕሙማን መዝገቡና የመድኃኒቱ ብልቃጥ እንግሊዝኛ ነው። ከደጋ የመጣች ነርስ በአማርኛ አስባ ትጠይቃለች፤ አስተርጓሚው በኑዌርኛ ያቀርባል፤ እናት ትመልሳለች፤ መልሱ በአማርኛ ይመለሳል፤ ነርሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች።

ይህ መንገድ በአንጎል ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት አንዲት ጥያቄ ብቻ እንከተል። «ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?» እናትየዋ «ገበያ በዋለ ማግስት» ብላ ትመልሳለች። አስተርጓሚው ይህን እንደሰማው ሊያቀብል ይችላል፤ ወይም ራሱ አስልቶ «ከሦስት ቀን በፊት» ሊል ይችላል። ነርሷ ገበያው የዋለው መቼ እንደሆነ አስባ፣ ቀኑን ቆጥራ፣ የወባ ምርመራ ማዘዝ እንዳለባት እያሰላሰለች ትጽፋለች። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንዱን ሲናገር ሌላው አንጎሉ ውስጥ አይተኛም፤ ሁለቱም ነቅተው ስለሚጠብቁ አንዱን ያለማቋረጥ መግታት ያስፈልጋል። ይህን የመግታት ሥራ ከሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ዋናው ደግሞ ትኩረትንና የሥራ ትውስታን የሚመራው፣ ከግንባራችን አጥንት ጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ነው። ሁሉም ጭነት አንድ ሠራተኛ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች በቀጥታ የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች ሁለት ሆነው ይቀመጡና በ30 ደቂቃ ገደማ ይፈራረቃሉ፤ ከዚያ በላይ ሲቆዩ ስህተታቸው እንደሚበዛ ስለሚታወቅ ነው። በእኛ ጤና ጣቢያ ግን አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ጥበቃ ወይም ጽዳት ሆኖ ሳለ ይጠራል፤ ቀኑን ሙሉ ያስተረጉማል፤ ለዚህም የተለየ ክፍያም ምስጋናም አያገኝም። እዚህ ላይ የምሰጠው አስተያየት አንድ ነው። አስተርጓሚነት በጋምቤላ እንደ ሙያ ይታይ፤ ዕረፍት ይኑረው፤ ነርሷም አጭር አጭር፣ አንድ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፤ መልሱን ሰምታ ሳትጽፈው ወደሚቀጥለው አትለፍ። ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ የተጠየቀ አስተርጓሚ አንዱን ጥሎ ቢመለስ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አሁን በዚህ ላይ ጭንቀት እንጨምር። በዬል ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ኤሚ አርንስተን ለዓመታት የመረመረችው ይህንን ነው። መጠነኛ መነቃቃት ሲኖር ኖራድሬናሊንና ዶፓሚን የተባሉት የአንጎል ኬሚካሎች ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስን ያጠነክራሉ፤ ሰው ነቃ ብሎ፣ አተኩሮ ይሠራል። ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ጭንቀት ሲመጣ ግን ያው ኬሚካል ከመጠን በላይ ይለቀቅና ይህን ክፍል ያዳክመዋል፤ መሪነቱ በፍርሃትና በልማድ ወደሚሠሩት የቆዩ ክፍሎች ይተላለፋል። አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስና ዶድሰን አይጦች ላይ ሞክረው ሥራው ይበልጥ በከበደ መጠን የሚጠቅመው ጭንቀት ያነሰ መሆኑን አሳይተው ነበር። ስለዚህ ኃላፊው ሠራተኛው ላይ ሲጮህ ቀላሉ ሥራ ይፈጥን ይሆናል፤ ከባዱ ግን ይበላሻል።

በጭንቀት ጊዜ ልማድ መሪ ከሆነ፣ ልማዱን አስቀድሞ ማበጀት ያስፈልጋል። ማረጋገጫ ዝርዝር የሚባለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሲሞከር፣ አንዷም የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ነበረች፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሕመምተኛ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በካናዳዋ ኦንታርዮ 101 ሆስፒታሎች ያንኑ ዝርዝር እንዲጠቀሙ ሲታዘዙ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የምረዳው፣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ አይሠራም፤ ሠራተኞቹ ጮክ ብለው አንብበውት፣ ለራሳቸው ቤት እንዲመች አስተካክለውት፣ ሰላም ባለበት ቀን ተለማምደውት መሆን አለበት። ኮሌራ በር ላይ ደርሶ ማንም ዝርዝር አይማርም።

ሙቀቱን እንመልከት። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ናት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቀኑ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ውሃና ጨው በላብ ይወጣል፤ ከክብደት 2 በመቶ የሚሆን ውሃ ሲጎድል ትኩረት መላላቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቦስተን ላይ ሙቀት ሲበረታ 44 ወጣት ተማሪዎች ተጠንተው ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለው ሕንፃ የሚያድሩት በመደመርና መቀነስ ፈተና 13 በመቶ ገደማ ዝቅ አሉ፤ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደነቁ ነበር የተፈተኑት። እነዚህ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። ሙቀት የለመደ የጋምቤላ ሰው ከእነርሱ የተሻለ ይቋቋማል፤ መልመድ ግን ወሰን አለው፤ ከጎሬ ወይም ከአዲስ አበባ ተመድቦ በመጀመሪያው ሳምንት ቬንትሌተር በሌለበት ክፍል ለሚቀመጥ ባለሙያ ደግሞ ይከብዳል።

የጋምቤላ ሰው ይህን ከላቦራቶሪ በፊት ያውቀዋል። በሙቀቱ ወራት የመንግሥት ቢሮ ጠዋት ቀደም ብሎ ይገባል፣ እኩለ ቀን ላይ ረዘም ላለ ሰዓት ይዘጋል፣ ጥላው ሲረዝም እንደገና ይከፈታል። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ይህን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ሲያማ ሰምቻለሁ፤ ፍርዱ ስህተት ነው። የሚቀረው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም መደልደል ነው። የመድኃኒት ስሌት፣ የበጀት ዝግጅት፣ የከባድ ሕመምተኛ ውሳኔ፣ ሁለት ወገን የሚከራከሩበት ጉዳይ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሁን። ማኅተም መምታት፣ ፋይል መደርደር፣ ዕቃ መቁጠር ለከሰዓት ይቆይ። ብዙ መሥሪያ ቤት ግን ምርጧን የጠዋት ሰዓት በስብሰባ ያቃጥላታል።

የእኩለ ቀን ሸለብታም ቁም ነገር ነው። የአሜሪካው ናሳ ረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎች በተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ ፈቅዶ ነበር፤ በአማካይ የተኙት 26 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ሳለ ካልተኙት ይልቅ ነቅተውና ፈጥነው ሠርተዋል። ሌሊቱ ሲጎድል ደግሞ ሸለብታው ይበልጥ ያስፈልጋል። ለመተኛት የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት፤ የሞቀ ሌሊት ይህን ይከለክላል። በ68 አገሮች ከ47,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሌሊት ሰው በአማካይ 14 ደቂቃ እንቅልፍ እንደሚያጣ አሳይቷል። ጋምቤላ ላይ ብዙ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ የሚተኛው ለዚህ ነው፤ ወባ ባለበት አገር አጎበሩም አብሮ መውጣት አለበት።

ስለ እንቅልፍ ስናወራ ቡናን ማለፍ አይቻልም፤ ጋምቤላ ራሷ የቡና ወደብ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር፤ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን በ1948 ዓ.ም ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግን ድካምን አያጠፋም። ነቅተን በቆየን መጠን አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀምና «ተኛ» ይላል፤ ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ይዘጋል፣ መልእክቱ አይሰማም፣ ድካሙ ግን እዚያው ነው። ግማሹ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሹ ምሽት 4 ሰዓት ላይ አብሮን አለ። ጠዋት የሚጠጣው ሦስቱም ሲኒ ይጠጣ፤ የምሽቱ ቢቀር ለነገ ሥራ ይበጃል።

ያደረ ተረኛ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አፈጻጸሙ በብዙ አገሮች አሽከርካሪን የሚያስቀጣ የአልኮል መጠን፣ ማለትም 0.05 በመቶ፣ በደሙ ካለው ሰው ጋር ይመጣጠናል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። የሰከረ ሰው መርፌ እንዲወጋ የሚፈቅድ የለም። 24 ሰዓት የቆመ ሰው እንዲወጋ ግን ተራ ይወጣለታል።

ሰው ቤቱ ገብቶም ሥራው የማይለቀው ለምን ይሆን? በርሊን የተማረችው ብሉማ ዛይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ከጨረሱት ይልቅ የተቋረጠባቸውን ሥራ አብልጠው እንደሚያስታውሱ ገለጸች። ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 የጨመሩት ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ያልተጨረሰውን ሥራ መቼና እንዴት እንደሚጨርሱት በዝርዝር ላቀዱ ሰዎች ሥራው ሳይጨረስ እንኳ ከሐሳባቸው ይወርዳል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ከመውጣት በፊት «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት፣ የውሃ ክሎሪኑን ለወረዳው ደውዬ አስልካለሁ» ብሎ በወረቀት መጻፍ ሌሊቱን ይመልሳል። «ነገ አየዋለሁ» ማለት ግን አይበቃም።

ግለሰቡ በራሱ የሚያደርገው እስከዚህ ነው። ከዚህ በላይ ያለው የኃላፊዎች ነው፤ በክልሉ ጤና ቢሮም፣ በወረዳዎችም፣ በስደተኞች ዙሪያ በሚሠሩ ድርጅቶችም ያላችሁትን የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንዱን ቁጥር ለየድርጅቱ በየራሱ ቅጽ ማስሞላት ይቅር፤ ተስማምታችሁ አንድ ቅጽ አድርጉት፤ ባለሙያው ያንን ሰዓት ለሕመምተኛ ያውለዋል። ያደረው ተረኛም ጠዋት ተረክቦት የሚተካ ሰው ይመደብለትና ቤቱ ሄዶ ይተኛ። በጀት ሲዘጋጅ የተተኪው ደመወዝ ከአዲስ ወንበርና ጠረጴዛ ይቅደም።